የአራስ ሕፃን እትብት እስኪወድቅ እንዴት ይያዛል?

ሥራው የሚጀምረው በእርግዝና ነው። በክትትል ጊዜ የቲታነስ (የመንጋጋ ቆልፍ) ክትባት አይዝለል። መንጋጋ ቆልፍ ሕፃኑን የሚይዘው ብዙ ጊዜ በእትብቱ በኩል ነው፤ እናት ከተከተበች መከላከያው ወደ ልጇ ያልፋል።

ከወሊድ በኋላ እትብቱን ከመንካት በፊት እጅ በሳሙና ይታጠባል። ጠያቂም ቢሆን።

ጤና ጣቢያ የክሎርሄክሲዲን ቅባት ከሰጣችሁ፣ በተወለደበት ቀን ተጀምሮ በቀን አንዴ ለ7 ቀን ይቀባል። ከጫፉ እስከ ሥሩ፣ ዙሪያውን ያለውንም ቆዳ ጨምሮ። ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። ለሕፃኑ የሚሰጠው የዓይን ቅባትም በትንሽ ቱቦ ስለሚመጣ ሁለቱን አንድ ቦታ አታስቀምጡ።

ከዚያ ውጪ ምንም አይቀባም። ከባዱ ነገር ይሄ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ሐዋሳ፣ ታቦር ስወልድ እናቴ ከገበያ በኮባ የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ ይዛ መጣች። «እትብቱ እንዳይደርቅበት» አለች። እኔም «እማዬ፣ ሲስተሯ ከልክላለች» አልኳት። «እናንተንስ በምን አሳደግኳችሁ?» ስትለኝ ዝም አልኩ። እትብት ግን መድረቅ አለበት፤ ደርቆ ነው የሚወድቀው። ቅቤ እርጥብ ያደርገዋል፣ ከገበያና ከእጅ ያመጣውን ባክቴሪያም እዚያው ያስቀምጠዋል። በአምስተኛው ቀን ልብሱን ስገልጥ መጥፎ ሽታ መጣ። የእትብቱ ዙሪያ ቀልቶ፣ ሥሩ መግል ይዟል። ልጄ ጡት እንኳ እንደ ልቡ አይጠባም ነበር። ሆስፒታል ተኝቶ በመርፌ መድኃኒት ዳነ። ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እበት፣ አመድ፣ ምራቅም ያው ናቸው።

ዳይፐሩ ከእትብቱ በታች ይታጠፍ። በፋሻ ማሰር አያስፈልግም፣ ገላውን ማጠቡም ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ። ሊወድቅ ሲል አትጎትቱት፤ አንዳንዱ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። እንገሩን ደግሞ አትድፉ፣ የልጁ የመጀመሪያ መከላከያ እሱ ነው።

ጡት እምቢ ካለ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ሰውነቱ ከጋለ ወይም ከቀዘቀዘ፣ እትብቱ ከቀላ ወይም መግል ካወጣ ሌሊትም ቢሆን ውሰዱት። ትንፋሹን ተኝቶ ሳለ፣ ስልክ ይዛችሁ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። 60 ከሞላ ወይም ካለፈ ድገሙት፤ ያው ከሆነ አትጠብቁ። ቴርሞሜትር ካላችሁ 37.5 እና ከዚያ በላይ ትኩሳት ነው። በመንገድም ከእናቱ ገላ ጋር ተጣብቆ ይሸፈን፣ መጥባት ከቻለ ይጥባ።