«ሪመምበር ሚ» ስትሉ ምን እያላችሁ ነው?

ብዙዎቻችን የእንግሊዝኛውን ቃል በደንብ እናውቀዋለን። ችግሩ በአማርኛው ግሥ ልክ እንሰፋዋለን።

እኔን በጣም የሚያሳስቡኝ «ሪመምበር» እና «ሪማይንድ» ናቸው። በአማርኛ ለሁለቱም «አስታወሰ» እንላለን፤ ራሴ ትዝ ሲለኝም «አስታወስኩ»፣ ሌላ ሰው ትዝ እንዲያሰኘኝ ስፈልግም «አስታውሰኝ»። እንግሊዝኛ ይለያቸዋል፦ ራሱ ትዝ ሲለው «ሪመምበር»፣ ሌላውን ሲያስታውስ «ሪማይንድ»። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የነገውን ስብሰባ እንዲያስታውሳት ፈልጋ ለውጭ አገር አለቃዋ «ፕሊስ ሪመምበር ሚ ቱሞሮ» ብላ ጻፈች። ሰውየው «ነገ እንዳትረሳኝ» ብላ የተሰናበተችው መሰለው፣ ሥራ ልትለቅ ነው ብሎ ወዲያው ደወለላት። «ሪማይንድ ሚ» ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

«ሂ ሰይድ ሚ» የሚለውም ከ«አለኝ» የመጣ ነው፤ «ኝ» ከግሡ ጋር ተጣብቃ ስለምትመጣ እንግሊዝኛው ላይም እንለጥፋታለን። «ሴይ» ግን ሰሚውን በቀጥታ አይቀበልም፣ የግድ ካስፈለገ «ሰይድ ቱ ሚ» ነው። «ቴል» እንደ «ነገረ» ነው፤ ብዙ ጊዜ ለማን እንደተነገረ መጥቀስ ይፈልጋል፦ «ሂ ቶልድ ሚ»።

«ቦሪንግ» እና «ቦርድ» ላይ እንኳን አማርኛችን ይረዳናል፣ እኛ አንጠቀምበትም እንጂ። «ቦሪንግ» አሰልቺ፣ «ቦርድ» የሰለቸው። «አይ አም ቦሪንግ» ያለ ሰው «አሰልቺ ነኝ» ብሎ በራሱ ላይ መሰከረ። «ኢንተረስቲንግ» እና «ኢንተረስትድ»ም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄዱት። ሥራ ፈላጊ ቃለ መጠይቅ ላይ «አይ አም ቬሪ ኢንተረስቲንግ ኢን ዚስ ጆብ» ሲል ስሰማ አንጀቴን ይበላኛል፣ ምክንያቱም ሥራውን ምን ያህል እንደሚፈልገው ሊናገር ነበር፣ የተናገረው ግን እሱ ራሱ ምን ያህል ማራኪ ሰው እንደሆነ ነው። «ኢንተረስትድ» በሉ።

«ቦሮው» መዋስ፣ «ሌንድ» ማዋስ። እስክሪብቶ ስትጠይቁ «ካን ዩ ሌንድ ሚ» ነው፣ «ቦሮው ሚ» አይባልም።

«ዲስከስ» ላይ ደግሞ «አባውት» አትጨምሩ። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል እጃችን ይሄድበታል፣ ግሡ ግን «ስለ»ን በሆዱ ይዟል፦ «ዊ ዲስከስድ ዘ ኢሹ»። ወደ ስም ሲቀየር ነው «አባውት» የሚመጣው፦ «ዊ ሃድ ኤ ዲስከሽን አባውት ዘ ኢሹ»።