የጀርመን ባሕር ኃይል ባጅ ስትገዙ ጀርባውን አስቀድሙ

የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የጀርመን ባሕር ኃይል ባጅ ለመግዛት ካሰባችሁ፣ ፊቱን ትታችሁ መጀመሪያ ጀርባውን ገልብጡ። እ.ኤ.አ. በ1939 የተመሠረተው የሰርጓጅ መርከበኞች ባጅ ላይ «ሽቬሪን በርሊን 68» የሚል የሠሪ ማኅተም ልታገኙ ትችላላችሁ። በማኅተሙ ብቻ ግን አትመኑ፤ እሱን አስመስሎ መምታት ቀላል ነው። የመርፌውን ማጠፊያና መንጠቆ በማጉያ መነጽር እያያችሁ፣ ትክክለኛነቱ ከተረጋገጠ የዚያው ሠሪ ባጅ ፎቶ ጋር አስተያዩ። ዋናው ፈተና ይኼ ነው።

ቀደምቶቹ ባጆች ቶምባክ ከሚባል የመዳብና የዚንክ ቅይጥ፣ የኋለኞቹ ከዚንክ የተሠሩ ናቸው። የዚንኩ ወርቃማ ቅብ ለቆ ግራጫ ቢመስል አትደንግጡ፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ አዲስ መስሎ የሚያብረቀርቀው ነው። ቶምባክ ተብሎ ፊቱ ላይ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳ ካለ ግን ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ቅጂ ነው ብዬ እተወዋለሁ።