ለልጅ ሃይማኖታዊ ስም ሲወጣ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ሲጠመቁ ካህኑ የሚሰጧቸው የክርስትና ስም አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቃል በላይ የሆነ ሐረግ ነው። ገብረ ማርያም፣ ወለተ ሥላሴ፣ ኪዳነ ማርያም የሚሉት ስሞች በግእዝ የተዋቀሩ፣ ልጁ ወይም ልጅቱ ለማን አደራ እንደተሰጡ የሚናገሩ ሐረጎች ናቸው። ሌሎች ክርስቲያን ሕዝቦችም በየቋንቋቸው ከዚህ ብዙ ያልራቀ ልማድ አላቸው። በስም አወጣጥና አጻጻፍ የሚታዩት ስህተቶች በአመዛኙ የሚመነጩት ስሙ በራሱ ቋንቋ ምን እንደሚል ሳያነቡ ከመቁረጥ፣ ከመተርጎም ወይም ከመዋስ ነው።

ሐረጉን ከመካከሉ መቁረጥ

ይህ ከሁሉም የከፋው ስህተት ይመስለኛል። «ገብረ» ብቻውን ሲቆም «የ… አገልጋይ» ከማለት አያልፍም፤ የማን አገልጋይ እንደሆነ የሚናገረው ተከታዩ ቃል ነውና። ይሁን እንጂ በውጭ አገር ቅጽ ሲሞላ ገብረ የልጁ ስም፣ ማርያም ደግሞ የቤተሰብ ስም ተደርጎ ይመዘገባል፤ ከዚያ በኋላ ጢሙን ያሳደገው ሰውዬ በሐኪም ቤትና በባንክ ወረፋ «አቶ ማርያም» እየተባለ ሲጠራ ይኖራል። ንጉሥ ተፈሪ መኮንን በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ ሲጭኑ የክርስትና ስማቸውን ኃይለ ሥላሴን የንግሥ ስማቸው አደረጉ፤ አንዳንድ የውጭ ጸሐፊዎች ግን እስከ ዛሬ ድረስ «ሥላሴ» እያሉ ብቻ ይጠሯቸዋል። የአንድን ሰው ስም አሳጥራለሁ ብሎ ሰውዬውን ቅድስት ሥላሴ ብሎ መጥራት ምን ያህል እንግዳ እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

በቤት ውስጥ ገብሬ፣ ወልዴ፣ ተክሌ ብሎ ማቆላመጥ ሌላ ነገር ነው። ኃይለ «የ… ኃይል» ማለት ሲሆን ኃይሌ ግን «የእኔ ኃይል» ማለት በመሆኑ፣ በአማርኛ ለብቻው የሚቆም ሙሉ ስም ነው። ችግሩ የሚመጣው ኃይለ ተብሎ ሐረጉ በእንጥልጥል ሲቀር ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለልጁ የመጀመሪያው የልደት ማስረጃ ሲወጣ ስሙን በላቲን ፊደል ያለ ክፍት ቦታ እንደ አንድ ቃል አድርጎ ማስጻፍ፣ በኋላ የሚወጣውም ሰነድ ሁሉ ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ፊደል እንኳ እንዳይለያይ መጠንቀቅ ነው።

ይህ ዓይነቱ ስም የእኛ ብቻ አይደለም። ዓረብኛ ተናጋሪ ክርስቲያኖች አብደልመሲሕ የሚሉት ገብረ ክርስቶስ ማለት ነው። ከስኮትላንድ የመጣው ጊልክሪስት የተባለው ስም በጥንቱ የጌሊክ ቋንቋ «የክርስቶስ አገልጋይ» ሲሆን፣ ጊልሞር የሚባለውም ሲፈታ የማርያም አገልጋይ፣ ማለትም በቀጥታ ገብረ ማርያም ነው። ጊልሞር የሚባል ጎረቤት ያለው ገብረ ማርያም ስሙን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መንገድ አያገኝም።

የግእዙን ሰዋስውና ሆሄ መዘንጋት

ወልደ እና ገብረ ለወንድ፣ ወለተ እና አመተ ለሴት ናቸው። ትግርኛ ተናጋሪዎች ወለተን ወደ ለተ ስለሚያሳጥሩት፣ ሯጯ ለተሰንበት ግደይ የምትጠራበት ስም ከወለተ ሰንበት የመጣ ነው። የአመተ ነገር የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአልፍ «አ» ሲጻፍ «የ… ሴት አገልጋይ» ማለት ነው፤ በዐይኑ «ዓ» ከተጻፈ ግን የዘመን መቁጠሪያው ዓመት ስለሚሆን፣ ዓመተ ማርያም ተብላ የተመዘገበች ልጅ የማርያም አገልጋይነቷ ቀርቶ የማርያም ዓመት ትሆናለች። በዕለት ተዕለት ጽሑፍ ሆሄያቱን መቀላቀል ብዙ ሰው ችላ የሚለው ነገር ነው፤ በስም ላይ ግን ትርጉሙን ስለሚለውጥ ችላ ባይባል እመርጣለሁ።

በድምፅ የቀረበውን አቻ ነው ብሎ መውሰድ

ዮሐንስ ከዕብራይስጥ የመነጨ፣ የእግዚአብሔርን ቸርነት የሚናገር ስም ነው። ወደ እንግሊዝኛ ሲሄድ ጆን፣ ወደ ስፓኝኛ ኹዋን፣ ወደ ጣሊያንኛ ጆቫኒ፣ ወደ ሩሲያኛ ኢቫን፣ ወደ አየርላንድኛ ሾን፣ ወደ አርመንኛ ሆቭሃኔስ ሆነ። ኢቫን የተባለን ሰው «ክርስቲያናዊ ስም የለውም» ብሎ የሚያስብ ሰው የገዛ አጎቱን ስም አላወቀውም ማለት ነው። ያዕቆብ ደግሞ በተቃራኒው ለሁለት ይከፈላል፤ እንግሊዝኛው የብሉይ ኪዳኑን አባት ጄኮብ፣ የሐዲስ ኪዳኑን ሐዋርያ ጄምስ ይለዋል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አገር የሚኖር አባት የልጁን ስም ለትምህርት ቤት ልተርጉም ካለ፣ በቅድሚያ ልጁ የተሰየመው በየትኛው ያዕቆብ እንደሆነ ማወቅ አለበት። ስፔኖች ሳንቲያጎ የሚሉትም ሌላ አይደለም፤ ቅዱስ ያዕቆብ ማለት ነው።

የጾታም ጉዳይ አለ። እንድርያስ በጣሊያንኛ አንድሬያ ሲሆን በዚያ አገር በልማድ የወንድ ስም ነው፤ በጀርመንና በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ግን አንድሬያ ብለው የሚጠሩት ሴት ልጃቸውን ነው። በስፔን ኾሴ ማሪያ ወንድ፣ ማሪያ ኾሴ ሴት ናቸው፤ ጾታውን የሚወስነው የፊተኛው ቃል ነውና። በስሙ ውስጥ ማርያም ስላለች ብቻ ገብረ ማርያምን ሴት ነው ብሎ የሚገምት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ቢያጋጥም፣ ይህን ምሳሌ መጥቀስ ይረዳል።

የሌላውን አክብሮት በራስ ሚዛን መመዘን

በስፔንና በላቲን አሜሪካ ወንድ ልጅን ኢየሱስ ብሎ መሰየም የተለመደ የፍቅር መግለጫ ነው። እኛ ዘንድ ያ ስም ያለ ገብረ ወይም ያለ ኃይለ ለሰው አይሰጥም፤ ማርያም የሚለውንም ብቻውን ለልጅ ማውጣት አልተለመደም። ሁለቱም ወገኖች የሚያከብሩት አንዱን ስም ነው፤ አንዱ በመቅረብ፣ ሌላው በመራቅ። አየርላንዶች በቋንቋቸው ለእመቤታችን ሙይሬ የሚለውን ለይተው አስቀምጠው፣ ሴቶች ልጆቻቸውን ሞይሬ ይሏቸዋል። ስለዚህ ከሌላ ባህል ጋር በጋብቻ የተሳሰሩ ቤተሰቦች በስም ላይ ሲነጋገሩ «ይህ ድፍረት ነው» ወይም «ይህ ግትርነት ነው» ከማለታቸው በፊት፣ ስሙ በሌላኛው ወገን ቤት እንዴት እንደኖረ ቢጠያየቁ ብዙ ክርክር ይቀራል።

ያልተጣራ የስም ትርጉም መቀበል

በየቦታው የሚዘዋወሩ የስም ዝርዝሮች የመጽሐፍ ቅዱስና የቅዱሳን ስሞችን ሁሉ «በዕብራይስጥ» እያሉ ይፈታሉ። ጊዮርጊስ ግሪክኛ ሲሆን ትርጉሙ ገበሬ ነው፤ ቴዎድሮስም ግሪክኛ ሆኖ የእግዚአብሔር ስጦታ ማለት ነው፤ በዕብራይስጥ ተመሳሳይ ሐሳብ የያዘው ማቴዎስ ነው። ማርያም ለሚለው ስም ሊቃውንት የተስማሙበት አንድ ፍቺ የለም፤ አንድ ቁርጥ ያለ ትርጉም የሚሰጥ ዝርዝር ከሚያውቀው በላይ እየተናገረ ነው።

አንዳንዱ ስም ደግሞ በትርጉም፣ አንዳንዱ በድምፅ ይሻገራል። የኦስትሪያው የሙዚቃ ደራሲ ሞዛርት በፈረንጆች አቆጣጠር ጃንዋሪ 27 ቀን 1756 በተወለደ ማግሥት ሲጠመቅ ዮአኔስ ክሪሶስቶሙስ ቮልፍጋንጉስ ቴዎፊሉስ ተባለ፤ የተወለደበት ዕለት በሮም ቤተ ክርስቲያን የዮሐንስ አፈወርቅ በዓል ነበርና። ክሪሶስቶሙስ የሚለውን የእኛ አባቶች በትርጉሙ አፈወርቅ አሉት፤ ቴዎፊሉስ የሚለውን ደግሞ ሞዛርት ራሱ አማዴ እያለ ወደ ሌላ ቋንቋ መልሶ ይፈርምበት ነበር። በተመሳሳይ መንገድ ሩሲያውያን እምነት፣ ተስፋና ፍቅር የተባሉትን እኅትማማች ሰማዕታት በራሳቸው ቋንቋ ቬራ፣ ናዴዥዳ፣ ሉቦቭ ብለው ሲተረጉሙ፣ የእናታቸውን የሶፍያን ስም ግን ሳይነኩ ተዉት። ወጥ ደንብ ስለሌለ እያንዳንዱን ስም በራሱ ታሪክ መከተል ግድ ነው።

የበዓሉን ቀን ማምታታት

ግሪኮች የስማቸውን ቅዱስ በዓል እንደ ልደት ያከብራሉ፤ ዮርጎስ የተባለ ሰው በኤፕሪል 23 እንኳን አደረሰህ ይባላል። የእኛ ጊዮርጊስ ሚያዝያ 23 ሲሆን በእነርሱ አቆጣጠር ሜይ 1 ነው። ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ቀኑም አንድ የሚመስለው ወላጅ ጥቂት አይደለም።

ክርስቲያናዊ ስም የባዕድ ስም ብቻ ነው ማለት

የጄኔቫ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1546 በፕሮቴስታንቱ መሪ በካልቪን ዘመን በአካባቢው የሚዘወተሩ የቅዱሳን ስሞችን፣ ከእነርሱም ጋር ፋሲካንና ሰንበትን የመሳሰሉ የበዓል ስሞችን ለልጆች እንዳይሰጡ ከለከለች፤ ፋሲካና ትንሣኤ በእኛ ዘንድ የተወደዱ ስሞች ሲሆኑ፣ ፈረንሳዮችም ፓስካል የሚሉት ያንኑ ፋሲካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ በዛየር፣ በዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ፣ ፕሬዚዳንት ሞቡቱ የአውሮፓ የክርስትና ስሞችን አግዶ የራሱንም ጆሴፍ ዴዚሬ ጣለ። የሮም ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. የ1983 ሕግ የሚጠይቀው ግን ስሙ ለክርስቲያናዊ ስሜት እንግዳ እንዳይሆን ብቻ ነው። አጼ ምኒልክ ሣህለ ማርያም፣ እቴጌ ጣይቱ ወለተ ሚካኤል፣ ንግሥት ዘውዲቱ አስካለ ማርያም የሚል የክርስትና ስም ነበራቸው፤ የሚታወቁበት ስም ሌላ መሆኑ ጥምቀታቸውን አላጎደለውም። የናይጄሪያ ዮሩባዎች ልጃቸውን ኦሉዋሼዩን ሲሉ በግሪክም በዕብራይስጥም አልተናገሩም፤ ያሉት እኛ ተመስገን ስንል የምንለውን ነው።