ቤትዎ አልከራይ ካለ፣ ደላላውን ከመርገምዎ በፊት

ኮምቦልቻ ውስጥ የሰው ቤት በደላላነት በማከራየት ነው የምኖረው። ሦስት ወር ባዶ የከረመ ቤት ሲያጋጥመኝ ቀድሜ የማየው ግድግዳውን ሳይሆን ባለቤቱን ነው።

ዋጋ ላይ ድርቅ ማለትን የመሰለ ኪሳራ የለም። አንዲት እናት ሁለት ክፍል ሰርቪሳቸውን 5,000 ብር አሉ። በ4,500 የሚገባ ጨዋ ሰው አመጣሁ። «እትዬ፣ ይቀበሉት» ብላቸው «ጎረቤቴ በአምስት ሺህ አከራይታ የለ!» አሉኝ። የጎረቤታቸው ቤት እኮ የራሱ ቆጣሪና ሻወር አለው! አራት ወር ባዶውን ቆይቶ በዚያው በ4,500 ሄደ። 18,000 ብር በነነ። ያቺ የተከራከሩባት 500 ብር ይህን የምትመልሰው በሦስት ዓመት ነው። ይህን ሂሳብ በጣቴ እየቆጠርኩ ለስንቱ አስረዳሁ፣ ማን ሰምቶኝ!

«ላጤ አላስገባም» ደግሞ አለ። ኧረ በማርያም! ፋብሪካውና ኢንዱስትሪ ፓርኩ ያለበት ከተማ ተቀምጦ ላጤ ሳያስገቡ ማንን ሊያከራዩ ነው? ባለፈው አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ቤቱን ወደደችው። «ማታ ከፈረቃ ስመለስ በር ማን ይከፍትልኛል?» አለች። «ሁለት ሰዓት ላይ ቆልፈን እንተኛለን» ተባለች። አንድ ቁልፍ ማስቀረጽ ስንት ነው? ሕግ ካላችሁ በመጀመሪያው ቀን ተናገሩ፤ ግን «እጮኛ አለሽ?» እያሉ መመርመር ይቅር።

የስድስት ወር ቅድሚያ መጠየቅም ተከራይ ያባርራል። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል።

ያለፈው ተከራይ የተወውን ምስማርና የከሰል ጥቀርሻ አጽዱ።

ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ከብርዳማዋ ደሴ ለመጣ ሰው በሰባት ሰዓት ፀሐይ አታሳዩ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ገና ላቡን ሳይጠርግ ምጣድ ውስጥ ታስገቡታላችሁ። ኮርኒስ ብታሠሩ ደግሞ ይሻላል።

በውሃ ነገር ግን ጥፋተኛው እኔው ነበርኩ። አንዱን ተከራይ ውሃ በምትመጣበት ቀን ወስጄ ቧንቧውን ከፍቼ አሳየሁት፤ ሲንፎለፎል አይቶ ቀብድ ከፈለ። በሦስተኛው ቀን ደወለ፦ «ወንድሜ፣ ጀሪካን ይዘህ ና»። ወሩ ሳይሞላ ወጣ፤ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹም ስልኬን ማንሳት ተዉ። አሁን ሮቶ የሌለው ግቢ ስገባ ውሃው የሚመጣባቸውን ቀናት ሳልጠየቅ እናገራለሁ።