ከደሴ ሄዳችሁ «ኤ ኮረስ ላይን»ን ለምታዩ

ዘመድ ጥየቃ ወደ ውጭ ልትሄዱ ነው እንበል። እህታችሁ ደወለችና «ኤ ኮረስ ላይን የሚባለው የሙዚቃና የዳንስ ቴአትር እኛ ከተማ ሊመጣ ነው፣ ቲኬት ልቁረጥላችሁ?» አለች። እሺ በሏት። ግን ዝም ብላችሁ አትግቡ፤ ንግግሩ ፈጣን እንግሊዝኛ ነው፣ ታሪኩም እኛ እንደለመድነው ሰርግና ውርስ ያለበት አይደለም።

ታሪኩን ከቤት ይዛችሁ ውጡ። መድረኩ ባዶ ነው፤ ከኋላ መስታወት፣ ወለሉ ላይ አንድ ነጭ መስመር። መስመሩ ላይ 17 ዳንሰኞች ለፈተና ይቆማሉ። የሚፈለጉት 8 ናቸው፣ 4 ሴት 4 ወንድ። ያውም ለዋና ተዋናይነት እንዳይመስላችሁ፣ ከኮከቧ ጀርባ ሆነው ለማጀብ ነው። ዛክ የሚባለው አዘጋጅ ግን ዳንሳቸው ብቻ አይበቃውም፤ ስለራሳችሁ ንገሩኝ ይላቸዋል። በቃ፣ ቴአትሩ ይኸው ነው።

ወሬው ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። ማይክል ቤኔት የተባለው ኮሪዮግራፈር (የዳንስ አቀናባሪ) እ.ኤ.አ. በ1974 ዳንሰኞችን ሰብስቦ ሕይወታቸውን ሲያወሩ በቴፕ ቀዳ፤ ቴአትሩ የተሠራው ከዚያ ነው። ሙዚቃው የማርቪን ሃምሊሽ፣ ግጥሙ የኤድዋርድ ክሌባን ነው። በ1975 ሐምሌ ብሮድዌይ፣ ማለትም የኒው ዮርክ ታላላቅ ቴአትር ቤቶች ሰፈር ገባ፣ በዓመቱ የአሜሪካን ትልልቅ ሽልማቶች፣ 9 የቴአትር ቶኒዎችንና ፑሊትዘርን ጠራርጎ ወሰደ፣ እስከ 1990 ድረስ 6,137 ጊዜ ታየ። የዛሬዎቹ ተመልካቾች ብዙዎቹ ያኔ አልተወለዱም።

ቲኬት ከመቆረጡ በፊት የትኛው ዳግም ዝግጅት እንደሆነ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2006 ብሮድዌይ ላይ የተመለሰው የድሮውን ዳንስ እንዳለ ጠብቆ የቀረበ ነው። በ2021 እንግሊዝ ሌስተር ላይ ተሠርቶ በ2024 በየከተማው የዞረው ደግሞ አዲስ ኮሪዮግራፊ አለው። እኔን ካላችሁኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የድሮው ይሻላል፤ ግን ያገኛችሁትን እዩ፣ ምርጫ የሚኖረው ስንቴ ነው?

አሁን ዋናው ነገር። ከመሄዳችሁ በፊት እዚሁ ደሴ ተለማመዱ። የምሬን ነው። ወሎ ባህል አምባ የኪነት ዝግጅት ሲኖር ግቡና አንድ ሙሉ ዘፈን ድምፃዊዋን ሳታዩ ጨርሱ። ይከብዳል፤ በተለይ ባቲ ወይም አምባሰል ከሆነ ዓይናችሁ ራሱ እየጎተተ ወደ ማይኩ ይወስዳችኋል። እናንተ ግን የኋላው ረድፍ ጥግ ላይ ያለችውን ልጅ እዩ። ምቱ ሲቀየር በዓይኗ ጠርዝ አጠገቧ ያለችውን ሰርቃ ታያለች። ትከሻዋ አንዲት ቅንጣት ይዘገያል፣ ወዲያው ይይዛል። መቀነቷ ከላላ በአንድ እጇ ሸጎጥ ታደርገውና በሌላው መወዛወዟን ትቀጥላለች፣ ፈገግታዋ ንቅንቅ አይልም። ስሟን ግን ማንም አይጠራም። ማሪቱ ለገሰን የማያውቅ ወሎዬ የለም፤ ከኋላዋ ከተወዛወዙት አንዷን በስም ጥሩ ብንባል ስንቶቻችን እንችላለን? ኤ ኮረስ ላይን የዚህች የጥግ ልጅ ቴአትር ነው። ይህን ከያዛችሁ እንግሊዝኛው ግማሹ ቢያመልጣችሁም ግድ የለም።

(ከኮምቦልቻ የምትመጡ፣ ለባህል አምባው ምሽት መመለሻችሁን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ ወይም ደሴ እደሩ። ሐረጎን በጉም በሌሊት መውረድ ለማንም አይመከርም።)

ወንበር ስትመርጡ «ፊት ለፊት ነው ሸጋው» የሚለውን እርሱት። ለዳንስ ፎቁ ይሻላል፣ በተለይ የመጀመሪያው ፎቅ መሐል። ከታች ሆናችሁ የፊተኛው ረድፍ የኋላውን ይጋርድባችኋል፣ ሰልፉ እንዴት እንደሚዞርም አይታያችሁም። ፎቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ሁለት ሰዓት ያህል ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ዕረፍት። ሽንት ቤት ቀድማችሁ ግቡ። የሐበሻ ቀጠሮ እዚያ አይሠራም፤ ካረፈዳችሁ በር ላይ ቆማችሁ ልትጠብቁ ትችላላችሁ፣ የመጀመሪያው ዳንስ ደግሞ እንዲያመልጣችሁ አልፈልግም። በስልክ መቅረጽ የለም። ደስ ሲላችሁ ዘፈኑ ሲያልቅ አጨብጭቡ፣ ብትጮሁም ነውር አይደለም። ግንባር ላይ ብር መለጠፍ ግን ይቅርባችሁ።

እማማን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሯት፤ ስለ ጡትና ስለ መቀመጫ በግልጽ የሚዘፈንበት ቦታ አለ፣ ስለ ወሲብም ይወራል። ልጆችን ቤት ተዉአቸው።

ውስጥ ከገባችሁ በኋላ እንዳያመልጧችሁ የምለው ጥቂት ነው። መጀመሪያ ላይ «ፋይቭ፣ ሲክስ፣ ሰቨን፣ ኤይት» ሲባል ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን ሌላውን አይቶ እንደሚከተል እዩ። ቀጥሎ ተሰልፈው የየራሳቸውን ፎቶ ፊታቸው ላይ ይይዛሉ፤ ፊት የለም፣ ፎቶ ብቻ። እዚያ ላይ የምታዝኑላቸውን 8 በልባችሁ ምረጡና መጨረሻ ላይ ከዛክ ምርጫ ጋር አስተያዩ። ካሲ የምትባለው ደግሞ አንድ ጊዜ ለብቻዋ ደምቃ የነበረች ናት፤ ሥራ ጠፍቶባት ወደ ረድፉ ልመለስ ብላ የቀድሞ ፍቅረኛዋን ዛክን ትለምናለች። መስታወቶቹ መሐል ብቻዋን የምትደንሰውን ሳታጨበጭቡ እስከ መጨረሻው እዩላት። ፖል የሚባለው ዳንሰኛ ሲናገር ደግሞ ሙዚቃ የለም፤ አንድ ሰው ቆሞ ያወራል፣ ረጅም ነው፣ ስለዚህ ያን ቦታ ቀደም ብላችሁ በአማርኛ አስተርጉሙት።

ምርጫው ሲታወቅ ኮት እንዳታነሱ። ገና የወርቅ ቀለም ልብስና ባርኔጣ ለብሰው ይመለሳሉ፣ የወደቁትም ጭምር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ለይታችሁ ያወቃችኋቸው ሰዎች አንድ ዓይነት ለብሰው፣ አንድ ላይ እግር እያነሱ፣ የትኛው ማን እንደሆነ እስኪጠፋችሁ ይደንሳሉ። እጅ መንሳቱም እዚያው ዘፈን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ጭብጨባችሁን ለኋላ አታስቀምጡ። ስትወጡ የፕሮግራም መጽሔት ካለ ግዙና እዩት፤ የሁሉም ስም አለበት፣ የጥጉም ጭምር።