ቅዳሜን በመካኒሳ፦ ከዞማ ግድግዳ እስከ ጥብስ ገበታ

ከአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ዳር፣ መካኒሳ የሚገኘውን ዞማ ሙዚየም ለማየት ያሰበ ሰው አስቀድሞ ሊወስን የሚገባው የሚሄድበትን ቀን ነው። ከሙዚየሙ በኋላ ሥጋ ቤት ለመቀመጥ ካሰቡ ረቡዕንና ዓርብን ይተዉ፤ ከበዓለ ሃምሳ በስተቀር ሁለቱም ዓመቱን ሙሉ የጾም ቀናት በመሆናቸው ብዙ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ። እኔ ራሴ ከክፍለ ሀገር የመጣ እንግዳዬን ጥሬ ሥጋ እጋብዝሃለሁ ብዬ በዓርብ ቀን ይዤው ወጥቼ፣ በተዘጋ በር ፊት ቆመን ተያይተናል። ቅዳሜ ይሻላል። ሙዚየሙ ክፍት መሆኑንም ከመነሳትዎ በፊት ደውለው ያረጋግጡ።

ከሜክሲኮ በመካኒሳ በኩል የሚያልፍ ታክሲ ይያዙ፤ ከወረዱ በኋላ ዞማ ብለው ቢጠይቁ የሚያሳይዎት አያጡም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ መድረስ መልካም ነው፤ ምክንያቱን ወደ ግድግዳዎቹ ሲጠጉ ያዩታል። ግቢው ተዳፋት ስለሆነ ዝቅ ያለ ጫማ ያድርጉ፤ በክረምት ከሆነም ጃንጥላ አይርሱ።

ሙዚየሙን ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ እና የአንትሮፖሎጂ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ መሥርተውት በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፍቷል። ብዙ ጎብኚ ሥዕል ፍለጋ በቀጥታ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በእኔ አስተያየት ግን ቢያንስ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የደጁ ነው። ግድግዳዎቹ የተሠሩት ከጭቃና ከጭድ ሲሆን፣ በልስኑ ላይ የሚጠማዘዙ፣ የሚከቡና እርስ በርስ የሚያያዙ ቅርጾች ወጣ ገባ ብለው ይታያሉ። በጠዋት ፀሐይ በሰያፍ ስለምታርፍባቸው እያንዳንዱ መስመር የራሱን ጥላ ይጥላል፤ እኩለ ቀን ሲሆን ግን ጥላው ያጥርና ያው ግድግዳ ጠፍጣፋ ይመስላል። መጀመሪያ ራቅ ብለው ሙሉውን ይዩ፤ ከዚያም አንድ ክንድ እስኪቀርዎት ተጠግተው በልስኑ ውስጥ የተቀበረውን ጭድ ይፈልጉ። ጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ነገሩን ወዲያው ያውቀዋል፦ ጭቃው ከጭድ ጋር ይረገጣል፣ እንዲቦካም ይተዋል፤ ጭዱ ልስኑ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ አያይዞ ይይዘዋል። አያቶቻችን ለመጠለያ የተጠቀሙበት ሙያ እዚህ ለዓይን ተብሎ ተራቅቋል። እጅዎ ይቁነጠነጥ ይሆናል፤ ግን አይንኩት።

የኤልያስ ስሜን ሥራ በዚያው ወይም በሌላ ቦታ ካገኙም አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። ሠዓሊው የተጣሉ የኮምፒውተር ክፍሎችን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችንና ቁልፎችን ከመርካቶ እየሰበሰበ፣ ሽቦውን እየጎነጎነ በጣውላ ላይ በማያያዝ ይሠራል። ከሩቅ ሲያዩት ከአውሮፕላን የታየ እርሻ ይመስላል፤ ሲጠጉ ግን የአሮጌ ኪቦርድ ፊደል ያነባሉ። ሁሉንም ለማዳረስ ከመሮጥ ይልቅ ሁለት ሥራ መርጠው በእያንዳንዱ ፊት አሥር ደቂቃ ቢቆሙ ይሻላል። ከዚያ በአትክልቱ መካከል ተዘዋውረው ይውጡ።

ለምሳ ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ ወደ ጀሞ አቅጣጫ በእግርም በታክሲም መውረድ ይቻላል፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሥጋ ቤት አይታጣም። ወንበር ይዘው አስተናጋጅ ከመጠበቅ ይልቅ አስቀድመው ወደ ሥጋ ቆራጩ ይሂዱና ሥጋውን ዓይተው ያስቆርጡ፤ ጥሬ ከሆነ ከሻኛ ወይም ከታናሽ፣ ለጥብስ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ጮማ ያለበትን ይምረጡ። ለሁለት ሰው ግማሽ ኪሎ ይበቃል፤ ቆራጩ ግን አንድ ኪሎ ማለቱ አይቀርም። ደረቅ ይሁን ለብ ለብ፣ ቃሪያና ሽንኩርት ይግባበት አይግባበት፣ ሥጋው ከመመዘኑ በፊት ይናገሩ፤ አዋዜና ሚጥሚጣ ለየብቻ እንዲመጣልዎም ይዘዙ። ከመካከላችሁ የሚጾም ካለ በያይነቱ መኖሩን መጀመሪያ ይጠይቁ።

ቡና ከዚያው አካባቢ ከሚፈላበት ጀበና ይጠጡ፤ ቶናውም ሳይቀር ከተጠጣ ሰዓቱ ሳይታወቅ ይሄዳልና፣ ወደ ሜክሲኮ የሚመለሰው ሰልፍ ከመርዘሙ በፊት፣ ከአሥር ሰዓት ባልዘገየ ጊዜ ታክሲ ይያዙ።