ቤታችሁን ልታከራዩ ነው? ቁልፉን ከማስረከባችሁ በፊት ኢንሹራንሱን አስቀይሩ

አሜሪካ ውስጥ የምትኖሩበትን ቤት አከራይታችሁ ወደ ሌላ የምትገቡ ከሆነ አሮጌው ኢንሹራንስ አይበቃችሁም። እሱ የተገዛው ባለቤቱ ለሚኖርበት ቤት ነው፤ ተከራይ ገብቶ እሳት ቢነሳ ኩባንያው "አንተ እዚያ አትኖርም" ብሎ ክፍያውን ሊከለክል ይችላል። ፕሪሚየሙ (የኢንሹራንሱ ክፍያ) በየወሩ ከሞርጌጁ (ከቤት ብድሩ) ጋር መቆረጡ አያዘናጋችሁ።

የኢንሹራንስ ወኪሉን የአከራይ ፖሊሲ፣ ማለትም ለሚከራይ ቤት የሚሆን የኢንሹራንስ ውል፣ ጠይቁት። "ዲፒ 1" የሚባለው ርካሹ ዓይነት ጥቂት የተዘረዘሩ አደጋዎችን ብቻ ይሸፍናል፤ አብዛኛውን ጊዜም የእርጅና ቅናሽ አስልቶ ነው የሚከፍለው። የ15 ዓመት ጣሪያ በንፋስ ቢገነጠል የአዲስ ጣሪያ ዋጋ አትጠብቁ። "ዲፒ 3" በህንጻው ላይ የሚደርሰውን፣ ውሉ ለይቶ ካልከለከለው በቀር፣ ይሸፍናል፤ ልዩነቱን መክፈል ያዋጣል። የተጠያቂነት ሽፋን ግን ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው የሚጨመረው። እንግዳ በተሰበረ ደረጃ ላይ ወድቆ ሲከስ የሚያስፈልጋችሁ እሱ ነው።

የኢንሹራንስ ውሉ ላይ "60 ቀን" የሚለውን ፈልጉ። በተለመደው ውል ቤቱ በተከታታይ ከ60 ቀን በላይ ባዶ ከቆየ፣ ሰው ሰብሮ ገብቶ ላጠፋው አይከፈልም። ኩሽና አድሳለሁ ብሎ ሦስት ወር የሚዘጋ አከራይ እዚህ ላይ ይያዛል፤ አስቀድማችሁ ለወኪሉ ንገሩ።

ጎርፍ በዲፒ 1ም ሆነ በዲፒ 3 ውስጥ የለም። የፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ በአብዛኛው 30 ቀን ስለሚያስጠብቅ ዝናቡ ሲደርስ አይገዛም።

የተከራዩ ሶፋና ቴሌቪዥንም በእናንተ ፖሊሲ አይሸፈንም፤ የተከራይ ኢንሹራንስ እንዲገዛ ኪራይ ውሉ ላይ ጻፉት።